ብሬስ፣ ማስቲካ እና የአክስቴ ቆሎ

የሰፈራችን ባለሱቅ ዝርዝር ኖሮት አያውቅም። ዳቦ ገዝቼ መልሴን ስጠብቅ እጁን ወደ ማስቲካው ይሰዳል። "እህቴ፣ ሳንቲም የለኝም፣ ሁለት ማስቲካ ልስጥሽ?" ድሮ ደስ ብሎኝ ነበር የምቀበለው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ዝርዝር እያለኝም ድፍን ብር እሰጠው ነበር።

ብሬስ፣ ማለትም የጠመመ ጥርስ የሚያቀናውን ሽቦ፣ ያሳሰርኩት በ29 ዓመቴ ነው። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ፣ የቢሮ ሰዎችም በየቀኑ ያስታውሱኛል። የመጀመሪያው ቀን ዶክተሯ የማይበላውን ስትነግረኝ ዝርዝሩ አላልቅ አለ፤ ቆሎ፣ ደረቅ ካራሜላ፣ በረዶ፣ የበቆሎ እሸት ከነቆረቆንዳው፣ አጥንት መጋጥ፣ ማስቲካ። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ሽሮ በነጭ ሽንኩርት በልቶ ያለ ማስቲካ ስብሰባ የሚገባ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሦስት ሳምንት ቻልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን ስፈትሽ ባናና ማስቲካ አገኘሁ። ሽታው ራሱ ፈተና ነው። ቢሮ እስክደርስ ያቺ ማስቲካ ቀኝ በኩል ከመጨረሻው ጥርሴ ሽቦ ጋር ተጠምጥማ አንድ ሆናለች። በምላሴ ብገፋ፣ በጥፍሬ ብጎትት፣ ይለጠጣል እንጂ አይወጣም። መጸዳጃ ቤት መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ በስቴኪኒ ስቆፍር የሥራ ባልደረባዬ ገብታ "ምን ነካሽ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት፣ አፌ ክፍት ነው። በመጨረሻ የገላገለኝ ከፍሪጅ የወጣ ውሃ ነው። ደጋግሜ ስጉመጠመጥ ማስቲካው ጠነከረና በቁራጭ በቁራጭ ተነሳ።

በቀጠሮዬ ቀን ለዶክተሯ ተናዘዝኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። ከመጣበቁ ይልቅ እሷን የሚያሳስባት ስኳሩ ነው። አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ ብራኬቱ (ሽቦውን ለመያዝ ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ነገር) ዙሪያ ደግሞ ብሩሽ በደንብ ስለማይደርስ አሲዱ እዚያው ተቀምጦ የጥርሱን ሽፋን ይበላዋል። ጉዳቱ ብሬሱ ሲፈታ ነው በደንብ የሚታየው። ጥርስሽ ተስተካክሎ፣ ግን እያንዳንዱ ላይ ብራኬቱ የነበረበትን ቦታ የከበበ ነጭ ምልክት። ለዚያ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት!

ስኳር የሌለውስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የእንግሊዝ ሀገር ጥናት አለ፤ ብሬስ ያሰሩ ከ11 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 1000 ልጆች በሁለት ተከፍለው ሲያማቸው ግማሾቹ ስኳር የሌለው ማስቲካ እንዲያኝኩ፣ ግማሾቹ አይቡፕሮፌን የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ክኒን እንዲወስዱ ተነገራቸው። ማስቲካ ያኘኩት የወሰዱት ክኒን አነሰ፣ ብራኬታቸውም ከሌሎቹ በልጦ አልተነቀለም። ሽቦው ጠበቅ በተደረገ ማግስት ፍትፍት እንኳን ማላመጥ የሚያቅተኝ ሰው ነኝና ይሄን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የእኔዋ ዶክተር ፈቀደችልኝ፣ ግን በልክ፤ ስኳር የሌለው፣ አንድ ፍሬ፣ ከምግብ በኋላ፣ ጣዕሙ ሲያልቅ መትፋት። ሌሎች ሐኪሞች ጭራሽ አይፈቅዱም፣ ስለዚህ እኔን ሰምታችሁ ሳይሆን የራሳችሁን ጠይቃችሁ አኝኩ።

አሁን ወደ ቆሎው።

እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቷል። የገብስ ቆሎ ከሽንብራ ጋር፣ ገና ትኩስ። እጄ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ሁለተኛው ጭብጥ ላይ አንዷን ሽንብራ ስነክስ ቀጭ አለ። ሽንብራው መስሎኝ ነበር። ምላሴን ስልክ ብራኬቱ ከጥርሴ ተላቆ እንደ ዶቃ ሽቦው ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። አክስቴ ጠጋ ብላ አየችና "የኔ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ብረት ከምትሸከሚ በመፋቂያ ብትፍቂው አይሻልም ነበር?" አለችኝ። መፋቂያ የጠመመ ጥርስ እንደማያቀና ለማስረዳት ሞከርኩ። ሁለተኛ ቡና ቀዳችልኝና ቆሎውን ወደ ልጆቹ ገፋችው።

ማክሰኞ ሄጄ አስለጠፍኩት። ዶክተሯ ገና አፌን ሳልከፍት "ማስቲካ ነው አይደል?" አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ "አይደለም!" ብዬ አላውቅም። ቆሎ መሆኑን ስነግራት ግን ኩራቴ ብዙ አልቆየም።

ስኳር የሌለውን ማስቲካ አሁን ከሱፐርማርኬት ነው የምገዛው፣ ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፋም። የሰፈሬ ባለሱቅ ደግሞ ጎደሎዬን ያጠራቅምልኝና ክብሪት ይሰጠኛል። እስካሁን ቤት ውስጥ 11 ክብሪት አለ። ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ነው።