ሦስተኛው ቀን ስልኬ አልጮኸም

ከሥልጠናው ከተመለስኩ ሁለተኛ ሌሊቴ ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ጅማ ኅዳር ላይ ስትዘንብ ሆዴ ይባባል። ክረምቱ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ዝናብ ዕዳ ጠያቂ ይመስለኛል፤ ባዶ እጁን አይመለስም። ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር መብራቱም አብሮ ሄደ። ሻማ ለኮስኩና የምስክር ወረቀቴን የት እንደምሰቅለው ማየት ጀመርኩ። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሁለት ምስማር አለ። አንዱ የአባዬን ፎቶግራፍ ይዟል፤ ሌላው ቤቱ ከተቀባ ጀምሮ ባዶውን ነው።

ወረቀቱን ወደ ሻማው አስጠግቼ አነበብኩት። «የአመራር ክህሎት ሥልጠናውን በአጥጋቢ ሁኔታ ስላጠናቀቁ» ይላል። አጥጋቢ። ማንን አጥግቤ ነው? ይህቺ አንዲት ቃል ያዘችኝና ምስማሩን ተውኩት።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ በለቀማ ወቅት በኃላፊነት ከምሠራበት የቡና መድረቂያ መራቅ አልወድም። ቡናው ተፈልፍሎና ታጥቦ ከመሬት ከፍ ባለው የማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣ በኋላ እንደ አራስ ልጅ ነው። ይገላበጣል፣ የተበላሸው ፍሬ ይለቀማል፣ ቀትር ላይ ገለፈቱ እንዳይሰነጠቅ፣ ማታ ደግሞ ጤዛ እንዳይመታው ይሸፈናል። እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪወርድ ዓይን አይነቀልበትም። ደርሶ የነበረ ቡና እንደገና ከራሰ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ያ ሽታ ደግሞ ቢቆላም አይለቅም። ስለዚህ አለቃዬ «ሦስት ቀን ነው፤ ተከፍሏል፤ ሂጂ» ሲሉኝ ፊቴ ጠቆረ። በመስከረም ቢሆን ምን ነበረበት?

ወደ አዳራሹ የገባሁት እንዲህ ከፍቶኝ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፤ ወደድኩት። ባንክ ቤት ያለ፣ ሆስፒታል ያለ፣ ሆቴል የሚያስተዳድር፣ የሒሳብ ኃላፊ የሆነ፣ ሁላችንም ሥራችንን ከስልካችን ጋር ይዘን የመጣን ሰዎች ነበርን። አሠልጣኙ ከብዙዎቻችን በዕድሜ ያንሳል፤ ሆኖም የሚናገረውን የሚያውቅ፣ የማያውቀውን ሳያፍር የሚጠይቅ ልጅ ነው። ሄርሲና ብላንቻርድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡትን ሐሳብ አስተማረን። ሠራተኛው አዲስ ሲሆን ምን እንደሚሠራ በግልጽ ትነግረዋለህ፤ ትንሽ ሲለምድ አስረድተህ ታሳምነዋለህ፤ ሲበስል ታማክረዋለህ፤ ሲችል ሥራውን ትለቅለታለህ። ቦርዱ ላይ አራት ሳጥን ሠርቶ ሲያሳየን እኔ ደብተሬ ላይ የመጀመሪያውን ሳጥን ደጋግሜ በእስክሪብቶ አደመቅሁት። ከሠራተኞቻችን አንጋፋዋ አዴ ፋ. ቡና ለቀማ ስትጀምር እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ዛሬም ጠዋት ጠዋት አልጋው ድረስ ሄጄ ምን እንደምትሠራ እነግራታለሁ።

ሻይ ዕረፍት ላይ ጨዋታ ተነሣ። አሠልጣኙ «የምታደንቁትን መሪ ጥሩ» ብሎን ነበርና ብዙዎቻችን የሩቅ አገር ሰው ጠራን። የሆስፒታሏ ሴት ግን በመስኮቱ የድሮው የጅማ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ኮረብታ እያየች «እኔ ዳግማዊ አባ ጅፋርን» አለች። እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጅማን ገዙ። የምኒልክ ኃይል ሲመጣ ሌላው በጦር ሲገጥም እሳቸው ገበሩ፤ በግብሩም የአገራቸውን የውስጥ አስተዳደር፣ ገበያውንና የሕዝባቸውን ሕይወት አተረፉ። «መቼ እንደማይዋጉ ማወቅም አመራር ነው» አለች። ልክ ናት። ያልገባኝ ሌላው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ካለፉ በኋላ ያ ራስ ገዝነት አልቆየም። የእሳቸው ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም፤ ዘመኑ ተለውጧል፣ ማዕከላዊው መንግሥት በርትቷል። ግን አንድ ሰው ሃምሳ ዓመት ተሸክሞት የኖረ ነገር ከእሱ በኋላ እንዴት ይሁን?

የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚመሩት አዛውንት ደግሞ ገዳን አነሡ። በገዳ ሥርዓት ሰው ሥልጣን ከሚይዝበት እርከን ከመድረሱ በፊት በየስምንት ዓመቱ እየተሸጋገረ አምስት እርከን ያልፋል፤ አርባ ዓመት መሆኑ ነው። ከብት ሲጠብቅ፣ ሲላክ፣ ሽማግሌ ሲናገር ሲያዳምጥ፣ ሕጉን በቃሉ ሲይዝ ይኖራል። ሥልጣኑንም ስምንት ዓመት ይዞ ያስረክባል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ጅማን ጨምሮ የጊቤ አገሮች ገዳን ትተው ወደ ንግሥና የዞሩት ቀድመው ነው፤ ይህንንም ያወሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወደ አሠልጣኙ ዞረው «ልጄ፣ አርባ ዓመቱን በሦስት ቀን እንዴት አድርገህ ነው የምታደርሰን?» አሉት። ልጁ አልተቀየመም። «አላደርሳችሁም አባቴ፤ ስትመለሱ ሥራችሁን በሌላ ዓይን እንድታዩት ነው» አላቸው። ይህን ያለበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለ ስልኩ ልጽፍ ነበር የተነሣሁት።

የመጀመሪያው ቀን ስልኬ ሰባት ጊዜ ጮኸ። እሸት ቡና የጫነው መኪና ቀድሞ ደርሷል፣ እንመዝን ወይስ ይጠብቅ? አንዱ ላስቲክ ተቀዷል፣ ከመጋዘን ሌላ እናውጣ? የመጋዘኑን ቁልፍ ለማን እንስጥ? ሰባቱንም ወጥቼ አነሣሁ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ አልዋሽም። ያለ እኔ የማይሆን ነገር መኖሩ ደረቴን ነፋው። ሁለተኛው ቀን ሦስት ጊዜ ተደወለ።

በዚያው ቀን አሠልጣኙ የአንድ ጥናት ታሪክ ነገረን። ኩርት ሌዊን፣ ሊፒትና ዋይት የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተሙት ነው። አይዋ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት የአሥር ዓመት ገደማ ልጆችን በትንንሽ ቡድን ሰብስበው ጭምብል የመሥራት ዓይነት የእጅ ሥራ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን ሁሉን የሚያዝ መሪ፣ ሌላው አማክሮ የሚሠራ መሪ፣ ሌላው ዝም ብሎ የሚተው መሪ ነበረው። መሪው ከክፍሉ ሲወጣ ምን ሆነ? በአዛዡ ሥር የነበሩት ልጆች ሥራቸው ተንጠባጠበ፤ በአማካሪው ሥር የነበሩት ግን ቀጠሉ። አዳራሹ ዝም አለ። ከጎኔ የተቀመጠው የባንክ ሰው ስልኩን በግንባሩ ገለበጠው። እኔም ሰባቱን ጥሪ በልቤ ቆጠርኩ።

ከሰዓት በኋላ የግብረ መልስ ልምምድ ነበር። ሁለት ሁለት ሆነን አንዱ ኃላፊ፣ አንዱ ሠራተኛ ሆኖ ይጫወታል። ከራሳችሁ ሥራ ውሰዱ ተባልን። እኔ የወሰድኩት መድረቂያው ላይ ይሠራ የነበረውን የቢ.ን ታሪክ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ላይ ጽፌው ነበር፤ ግን የጻፍኩት ግማሹን ነው። ያን ቀን ቀትር ላይ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። እኔ ቢሮ ነበርኩ። ቢ. ማንንም ሳይጠብቅ ሮጦ አሥራ አንድ አልጋ በላስቲክ ሸፈነ። ዝናቡ ሳይጥል አለፈ፤ ፀሐይ መልሳ ወጣች፤ ቡናው ላስቲኩ ሥር ላበ። እኔ ስደርስ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል በጠብታ ተሸፍኖ ነበር፤ እጄን ስሰድ ቡናው ይፋጃል። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮኽኩበት። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳልናገር ማንም እጁን እንዳያነሣ» አልኩ። ያኔ ያልጻፍኩት ይህንን ነው። ቢ. አንገቱን ደፍቶ ላስቲኩን አጣጠፈ፤ ጥግ ከጥግ ገጥሞ፣ እንደ ነጠላ። ወቅቱ ሲያልቅ ተሰናበተ፤ ተመልሶም አልመጣም።

በልምምዱ ላይ የባንኩ ሰው ቢ.ን ሆነልኝ። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ሊባል የሚገባውን አልኩ። መጀመሪያ ሮጠህ መድረስህ ትክክል ነበር አልኩት። ከዚያ ላስቲክና ፀሐይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አስረዳሁት፤ ጮኼብህ ከነበረም ይቅርታ አልኩት። ድምፄ ተሰበረ። ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ። አሠልጣኙ «አያችሁ፤ ግብረ መልስ ማለት ይህ ነው» አለ።

ሦስተኛው ቀን ስልኬ አልጮኸም። ሻይ ሰዓት ላይ አየሁት፤ የለም። ምሳ ላይ አየሁት፤ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመስኮቱ ዝናቡ ሲወርድ ሳይ ልቤ ቀጥ አለ። ደወልኩ፤ የሚያነሣ ጠፋ። የመጨረሻው መጠይቅ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አዳራሹ ተስማምቶዎታል? አሠልጣኙ ግልጽ ነበር? ሁሉንም «በጣም ጥሩ» ብዬ ሞላሁ። ኪርክፓትሪክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠና የሚለካበትን አራት ደረጃ እንዳወጣ በዚያው ቀን ተምረን ነበር፤ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ ሲመለስ ባሕርዩ ተለወጠ ወይ፣ ሥራውስ ተሻለ ወይ። እኔ የሞላሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ በመጠይቁ ላይ አልነበሩም። ቢኖሩስ በዚያ ሰዓት ማን ይመልስላቸዋል?

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ስደርስ አልጋው ሁሉ ተሸፍኗል። ላስቲኩ ቡናው ላይ አላረፈም፤ ውኃው እንዲፈስ መሐሉ ላይ በእንጨት ከፍ ተደርጓል፤ ዳር ዳሩ በድንጋይ ተይዟል። አንዲት ፍሬ አልራሰችም። ሴቶቹ መጋዘኑ በረንዳ ላይ ተጠጋግተው ቡና ያፈላሉ፤ ቶናው ላይ ደርሰዋል። አዴ ፋ. በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ስኒ ዘረጋችልኝ።

«ለምን አልደወላችሁም?» አልኳት። ቁጣ አልነበረም፤ እሷ ግን እንደ ቁጣ ሰማችው።

«ዝናቡ ስልክ እስኪነሣ ይቆማል እንዴ ልጄ?»

«እኔ እዚህ ብኖርስ ኖሮ?»

ትንሽ አሰበች። ስኒዋን አስቀመጠች። «አንቺ ብትኖሪማ እንጠብቅሽ ነበር» አለችኝ።

ሁለት ሌሊት ሙሉ የማገላብጠው ይህንን ነው። የአይዋዎቹ ልጆች አዛዡ ሲወጣ ሥራ አቆሙ። የእኔዎቹ ስወጣ በተሻለ ሠሩ፤ ብኖር ኖሮ ከእኔ ጋር ቆመው ቡናው ይርስ ነበር። ይህ በየትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል? አሠልጣኙን ልጠይቀው ስልኩን ይዤ ነበር፤ ግን ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ፤ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ነው የሚለኝ።

አንዳንዴ ደስ ይለኛል። ሴቶቹ ይችላሉ፤ ሁልጊዜም ይችሉ ነበር። አዴ ፋ. አዲስ ልጅ ስትሳሳት እንኳን አትናገራትም፤ ከልጅቷ አልጋ አንድ ጭብጥ አንሥታ ፊቷ ትዘረጋውና በዝምታ ትለቅመዋለች። ጥቁሩን ወደዚህ፣ ስባሪውን ወደዚያ፣ በነቀዝ የተበላውን በጥፍሯ ገልብጣ ቀዳዳውን ታሳያታለች። ልጅቷ ቀና ስትል ገብቷታል። ይህንን ስንት ወቅት አልፌው ሄጃለሁ፤ የማየው የተለቀመውን ቡና ብቻ ነበር። ከዚያ ደግሞ ደስታዬ ይቆርጠኛል። ያልደወሉት አምነው ነው ወይስ ከእኔ ምንም እንደማይገኝ ተረድተው ነው? በአንደኛው ቀን ሰባቴ የደወሉት እኔው «እጃችሁን እንዳታነሡ» ስላልኩ ነው። ያንን ትእዛዝ እስከ ዛሬ አላነሣሁትም። በሦስተኛው ቀን የጣሱት እነሱ ናቸው፤ ስለ ጣሱትም ቡናው ዳነ።

ነገ ጠዋት ሰብስቤ «ትእዛዙ ተነሥቷል» ልል እችላለሁ። ይህ ቀላል ነው። ቢ. ግን እዚያ አይኖርም። ያን ቀን የሮጠው እሱ ነው፤ አዴ ፋ. ዘንድሮ ያደረገችውን እሱ ከሁለት ዓመት በፊት አድርጎታል፤ ያጎደለው እንጨቱን ብቻ ነው። እንጨቱን ደግሞ ያላስተማርኩት እኔ ነኝ። ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ባጃጅ ሲነዳ አይተነዋል ይላሉ። ትላንት ከሥልጠናው የወሰደኝ ልጅ ባርኔጣውን እስከ ዓይኑ ደፍቶ ነበር፤ ፊቱን ልብ ብዬ አላየሁትም፤ አሁን እሱ ቢሆንስ እያልኩ ነው።

የስልክ ቁጥሩ አሁንም አለኝ፤ «ቢ. መድረቂያ» ብዬ የመዘገብኩት። የባንኩን ሰው ይቅርታ ጠይቄ ሃያ ስምንት ሰው አጨብጭቦልኛል። ቢ. አልሰማም። ዝናቡ ቆሟል፤ ሻማውም ሊያልቅ ነው። ቢያነሣልኝ፣ ስሜን ከነገርኩት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ምን ይሁን?