አንዲት ሽቦ፣ ሦስት መብራት

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የወሰደችው አንዲት ሽቦ ናት። መኪናዬ ላይ የፍሬን፣ የመንሸራተት መከላከያና የፍጥነት መጠበቂያ መብራቶች በአንድ ጊዜ በሩ። ሦስት ብልሽት መስሎኝ ደነገጥኩ። ስፈትሽ ግን የፊት ግራ ጎማ የፍጥነት ሴንሰር (መለኪያ) ሽቦ፣ ከመሪው ጋር በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከሽፋን ላስቲኩ ሥር ተበጥሶ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሦስቱም ሥርዓቶች የሚያነቡት ያችኑ ጎማ ነው!

የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ያደረገው ካን የተባለው መስመር የመኪና ኮምፒውተሮችን በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች አነጋገረ። ድንቅ ሥራ ነው፤ የሽቦ ክምር ቀንሷል። የአንዱ ሕመም ለሌላው የሚተርፈውም በዚሁ ትስስር ነው። የሲስተም ምህንድስና (ብዙ ክፍሎችን አንድ ላይ የማሠራት ሙያ) ሀሁ እዚህ ይጀምራል፦ እያንዳንዱ ክፍል ከማን ምን ይቀበላል? ሲቋረጥበትስ ምን ያደርጋል?

ሽቦውን ቀይሬ ጥቂት ነዳሁ። ሦስቱም መብራቶች ጠፉ።