ለባቡርም ለአውሮፕላንም የሚሆን የላፕቶፕ ቦርሳ እንዴት መረጥኩ

አዲስ አበባ ውስጥ የጀርባ ቦርሳ ስሙ ነው እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚታዘለው በደረት ነው። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውን ባቡር ጠዋት የሚሳፈር ሰው ያውቀዋል። በሩ ሊዘጋ ሲል ግፊያው ይጀምራል፣ ቦርሳ ሁሉ ወደ ፊት ይዞራል፣ እጅ ከዚፑ ላይ አይነሳም። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ቦርሳው ጭን ላይ ነው። ኋላ ወንበር ላይ አራት ሆናችሁ ተጠጋግታችሁ ከተቀመጣችሁ ትርፍ ቦታ የሚባል ነገር የለም።

እኔ ደግሞ ሁለት ቦርሳ መያዝ አልወድም። ለሥራ አንድ፣ ለመንገድ ሌላ ሲሆን ቻርጀሩ ሁልጊዜ የሚቀረው አልጋ ሥር ባለው ቦርሳ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ልግዛ ብዬ ስነሳ ከሁሉ በፊት ያየሁት ውፍረቱን ነው። ቁመት ያለው ቦርሳ ባቡር ውስጥ ማንንም አያስቸግርም። የወፈረ ቦርሳ ግን ከፊት ያለውን ሰው ይገፋል፣ ጭን ላይ አገጭ ይነካል።

መጀመሪያ የምሸከመውን በሙሉ አልጋ ላይ ዘረገፍኩና ለካሁ። ላፕቶፔ 15.6 ኢንች ነው። ይህ ቁጥር ግን የስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ርዝመት ብቻ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ሙሉ አካሉ ነው። የኔው ወርዱ 36፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ወፍራም የጌም ላፕቶፕ ያላችሁ ሰዎች በተለይ በሜትር ለኩ። «ለ15.6 ይሆናል» የተባለ ኪስ ውስጥ አልገባ ሊላችሁ ይችላል።

የቦርሳ አቅም የሚነገርበት ሊትርም ምሥጢር የለውም። ቁመቱን፣ ወርዱንና ውፍረቱን በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው። 50 በ33 በ20 ከሆነ 33 ሊትር ይወጣል። አንዱ ሻጭ «45 ሊትር ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ያለኝን ቦርሳ ስለካው 30 እንኳን አልሞላም።

ጣሪያውን የወሰነልኝ አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የእጅ ሻንጣ ከ55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ7 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። ብዙ ሰው ልኩን ያያል፣ ኪሎውን ይረሳል። ባዶውን 2 ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ ገዝታችሁ 2 ኪሎ ተኩል ላፕቶፕና ቻርጀር ከከተታችሁበት የቀራችሁ 2 ኪሎ ተኩል ነው። አንድ ጂንስ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ሁለት ሸሚዝ፤ አለቀ። ስለዚህ ባዶ ክብደቱ ከኪሎ ተኩል በታች ያልሆነውን ሁሉ ከወዲሁ ተውኩት። ብዙ ኪስ፣ ብዙ ብረት፣ ብዙ ስፖንጅ ያለው ቦርሳ ሱቅ ውስጥ ያምራል። የሚከፈለው ግን በኪሎ ነው።

ከዚያ መርካቶ። ላፕቶፑን ይዤ ያን ግርግር መግባት ስላልፈለግሁ ካርቶን በልኩ ቆርጬ፣ እንደ ላፕቶፑ እስኪወፍር ደራርቤ በፕላስተር አሰርኩት። ሻጩ ሲያየው ሳቀ። «ወንድሜ፣ ካርቶን ልትሸከምበት ነው እንዴ?» አለኝ። የሳቀው ይሳቅ፣ ካርቶኑ ግን ሥራውን ሠርቷል። በመጀመሪያ ቦርሳውን ወጥሮ የያዘውን ወረቀት በሙሉ አስወጣሁ፤ ባዶውን ቀጥ ብሎ የሚቆም የሚመስለው በዚያ ወረቀት ነው። ካርቶኑን የላፕቶፑ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ቦርሳውን ከሥር በመዳፌ ዳሰስኩት። የካርቶኑ ጠርዝ ከተሰማኝ ያ ቦርሳ አይሆንም። ኪሱ ከቦርሳው ታች ቢያንስ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ መንጠልጠል አለበት። አለበለዚያ ቦርሳው መሬት ላይ ጧ ባለ ቁጥር የሚመታው ላፕቶፑ ራሱ ነው።

ቀጥሎ ማንገቻው። ትልቅ ቦርሳ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ጨርቁ ሳይቀደድ ማንገቻው ከሥሩ ተነቅሎ ይመጣል። ቦርሳውን ከፍቼ ከውስጥ በኩል ስፌቱን አየሁ። ደካማው ላይ ማንገቻው በአንድ መስመር ክር ብቻ ተይዟል፣ የክሩ ጫፍም ተንጨፍሮ ይታያል። ደህናው ላይ ክሩ አራት ማዕዘን ሠርቶ መሐሉን በመስቀል አቋርጦታል፣ ከሥሩም ሌላ ጠንካራ ጨርቅ ተደርቧል። ማንገቻውን ሁለት እጄ ላይ ጠምጥሜ ሳብኩት። ሻጩ ፊቱን አጨፈገገ፣ እኔ ግን አልለቀቅሁም። መርፌው የገባበት ቀዳዳ ሲሳብ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ በደንብ ይታያል።

ዚፑን ደግሞ ጥጉ ላይ ነው የምፈትነው። ቀጥታው ላይ ሁሉም ዚፕ ይሮጣል። ጥግ ሲዞር በአንድ እጅ ካልሄደ ቦርሳው ሲሞላ ጭራሽ አይሄድም። የታዋቂው ዚፕ አምራች የዋይኬኬ (YKK) ስም የተቀረጸበት ከሆነ ጥሩ፣ ነገር ግን ስም መቅረጽ ለማንም አያቅትም።

የጨርቁን ጥንካሬ «600 ዲ»፣ «1680 ዲ» እያሉ ይጽፉታል። ዲ ማለት ዴኒየር ነው፤ 9,000 ሜትር የሚሆን ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል፣ ቦርሳውም ይከብዳል። ለቢሮና ለጉዞ 600 ይበቃል ባይ ነኝ፣ ከውስጥ በኩል ውኃ የሚከላከል ሽፋን እስካለው ድረስ።

የላፕቶፑ ክፍል የራሱ ዚፕ እንዲኖረው፣ ዚፑም ከሰውነት ጋር በሚገናኘው በኩል እንዲሆን ፈልጌ ነበር። አንደኛው ምክንያት ሌባ ነው። ሁለተኛው ፍተሻ ነው። እዚህ ከተማ ሕንፃ በገባችሁ ቁጥር ቦርሳ ይከፈታል፣ አንዳንዱ መሥሪያ ቤት በር ላይ ደግሞ ላፕቶፕ ይመዘገባል። እንደ ሻንጣ ለሁለት የሚዘረጋው ዓይነት ለመንገድ ግሩም ነው፤ ግን ጥበቃው «ክፈተው» ሲል ካልሲና የውስጥ ልብስ በሰው ፊት የሚዘረገፍ ከሆነ ምኑ ላይ ነው ምቾቱ? የኔው ሁለቱንም ይዟል። ትልቁ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ላፕቶፑ ግን ለብቻው ይወጣል። የጎን ማጥበቂያዎቹ ደግሞ በሥራ ቀን ውፍረቱን ወደ አንድ ስንዝር ያወርዱልኛል።

ጎኑ ላይ ያለውን የዩኤስቢ ቀዳዳ ከቁም ነገር አትቁጠሩት። ውስጥ ካለው ፓወር ባንክ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ብቻ ነው፣ በክረምት ደግሞ የውኃ መግቢያ ይሆናል። ፓወር ባንኩ ራሱ የሚጓዘው ከእናንተ ጋር በካቢን ነው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም። የባትሪው አቅም እስከ 100 ዋት አወር ድረስ ከሆነ በአብዛኛው አያከራክርም፤ 27,000 ሚሊ አምፒር አወር (mAh) አካባቢ ማለት ነው። አገር ውስጥ በሚበሩት ባለ ፕሮፔለር ኪው-400 አውሮፕላኖች ላይ ከራስ በላይ ያለው ማስቀመጫ ጠባብ ነው። ትልቅ ቦርሳ ደረጃው ሥር ተቀብለው ወደ ጭነት ሊወስዱት ይችላሉ። ያኔ ላፕቶፑንና ፓወር ባንኩን መዝዞ ማውጣት ነው፤ ለብቻው ያለው ዚፕ እዚያም ይጠቅማል።

በመኪና ስጓዝ ያለው ፈተና ፖርቶመጋላ ነው። ረዳቱ ቦርሳውን አይቶ «ይሄ ላይ ይውጣ» ካለ ክርክር የለም። አሁን ታጥፎ ኪስ የሚገባ ሌላ ስስ ቦርሳ በትልቁ ውስጥ ይዤ እጓዛለሁ። ልብሱን ለእሱ አዛውሬ ወደ ላይ እሰጠዋለሁ፣ ትልቁ ጠፍጥፎ ጭኔ ላይ ይቀራል። አቧራውንም ዝናቡንም ልብሱ ይቻለው።

ስለ ዝናብ ካነሳን፣ ቦርሳ በደረት መያዝ እዚህም ያዋጣል። ጃንጥላ ፊትን እንጂ ጀርባን በደንብ አይከልልም።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። የውኃ ኮዳ ኪሱ ቦርሳው ባዶ ሲሆን ሰፊ ነው። ውስጡ ሲሞላ ግን ኪሱ ወደ ውጭ ይወጠርና ኮዳው አይገባም፣ ቢገባም አይወጣም። ልትገዙ ከሄዳችሁ ካርቶኑ ላይ አንድ ኮዳ ጨምሩ፤ ቦርሳውን ሱቅ ውስጥ ባለው ነገር ጠቅጥቃችሁ ከሞላችሁ በኋላ ሞክሩት። ሻጩ እንደሆነ አንዴ ስቋል።