ደባሉ ኤክስፒ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። እንጀራዬ ይኸው ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጋሼ ፍላሻቸውን በመሀረብ ጠቅልለው መጡ። የዕድር ጸሐፊ ናቸው። "ልጄ፣ ደንባችን እዚህ ውስጥ አለ። መዋጮው ጨምሯልና እሱን አስተካክለሽ አትሚልኝ" አሉኝ።

ፋይሉን ስከፍተው 38 ገጽ ሙሉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተዘርግፏል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እኛ ጋ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት በድሮዎቹ ፎንቶች ነው ሲጻፍ የኖረው። እነሱ ደግሞ ፊደላችንን የላቲኑ ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ያ ዝባዝንኬ ነው።

ፎንቱን ፈልጌ ጫንኩት፤ ተነበበ። ለማረም ግን የመጻፊያው ፕሮግራም ያስፈልጋል። እሱ ዊንዶውስ 10 ላይ አልጫን አለ። መጫኛው የ16 ቢት ነው፣ ለድሮ ዊንዶውስ የተሠራ፤ ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ የ16 ቢት ፕሮግራም ጨርሶ አያስኬድም። ኤክስፒ፣ ማለትም የድሮው ዊንዶውስ፣ ያለው ዴስክቶፕ ነበረኝ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። የኤክስፒው ሲዲ ግን መሳቢያ ውስጥ አለ።

ታዲያ ቨርቹዋልቦክስን አወረድኩ። ነፃ ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፦ ላፕቶፑ ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ይከፍትላችኋል። ከራሙ (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር የሚይዝበት ቦታ) ትቆርጡለታላችሁ፣ ሃርድ ዲስክ ትሰጡታላችሁ። ሃርድ ዲስኩ እንኳ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ኤክስፒው የራሱ ማሽን ያለው ይመስለዋል እንጂ ደባል ነው። (ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ቪኤም/370 የሚባል እንዲህ ያለ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1972 አውጥቷል።)

መጀመሪያ አልነሳም አለ። ቪቲ ኤክስ ተዘግቷል የሚል መልእክት አወጣ። ይኼ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነገር ነው። ላፕቶፑን አጥፍቼ ሳበራ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገኘው የማሽኑ ማስተካከያ) ገባሁና ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን ከፈትኩት። ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ጣጣ በአንድ መስመር አለቀ።

ቀጥሎ ስስታም ላለመባል ካለኝ 4 ጊጋ ራም 3ቱን ለእንግዳው ሰጠሁት። ባለቤቱ ዊንዶውስ 10 ደርቆ ቀረ። ማውሱ እንኳ አልንቀሳቀስ አለ። ማራገቢያው ግን ይጮኻል፣ ላፕቶፑ ይግላል። ለደብረ ብርሃን የሐምሌ ጠዋት ይኼ መጥፎ አይደለም፤ እጄን አሞቅሁበት። ኋላ ላይ ኤክስፒ በ512 ሜጋ ተንደላቆ እንደሚኖር አየሁ። ለደባል ሳሎኑን አትልቀቁለት።

ኤክስፒው ሲጫን ደግሞ መብራት ሄደ። ባትሪዬ ከሞተ ቆይቷል። እንደገና ከ"ሀ" ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ ተጭኖ እንዳለቀ ስናፕሾት ወሰድኩ፣ ማሽኑ እንዳለ የሚቀመጥበት ቅጂ፤ ነገር ቢበላሽ በአንድ ክሊክ ወደዚያች ሰዓት ይመልሳል። የዲስኩን ፋይል ራሱንም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት፤ የላፕቶፑ ዲስክ ከሞተ ስናፕሾቱም አብሮ ይሞታልና።

ኢንተርኔት አልሰጠሁትም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2006 ዓ.ም. ነው። በሩ ክፍት የሆነ ቤት መንገድ ዳር አይሠራም።

አንድ የሚያሳብድ ነገር አለ። ማውሱ ኤክስፒው ውስጥ ይገባና መውጫ ያጣል። እኔ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ጠረጴዛውን ስደበድብ ነበር። መፍቻው በቀኝ በኩል ያለው የኮንትሮል ቁልፍ ነው። አንዴ ትነኩታላችሁ፣ ይፈታል።

ፍላሹን ከሜኑ ስመርጠው ከዊንዶውስ 10 ጠፍቶ ኤክስፒው ውስጥ ብቅ አለ። እዚያው በመጻፊያው ፕሮግራም መዋጮውን አረምኩ፣ ያረፉትን ሦስት አባላት ከዝርዝሩ አወጣሁ። ማተሙ ላይ ግን አልደከምኩም። ለኤክስፒ የሚሆን የፕሪንተር ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ስለሌለኝ ፋይሉን መልሼ ፎንቱ ባለበት ዊንዶውስ 10 ከፍቼ አተምኩት።

ጋሼ ሲመጡ ኤክስፒው እንደተከፈተ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉና የኤክስፒውን የስክሪን ሥዕል፣ አረንጓዴውን ኮረብታ፣ ጠጋ ብለው አዩት።

"ጓሳ ነው እንዴ?"

"አይ፣ አሜሪካ ነው። ካሊፎርኒያ።"

"ኧረ ተይ! እኔ መንዝ ተወልጄ ጓሳን ልስተው?"

ወረቀቱን አንድ በአንድ ቆጥረው ተቀበሉኝ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉና፣ "መስከረም ላይ ነይ፣ ቦታውን ራሱን አሳይሻለሁ" አሉኝ።