ሁለቱ ኪዳነ ምሕረቶች

ከመስከረም ጀምሮ ማታ ማታ አድዋን እየሠራሁ ነው። ከተማዋን አይደለም፣ መሬቱን። የምጫወተው የጦርነት ጌም የራሱ ኤዲተር አለው፤ ካርታ ትሠራለህ፣ ጦር ታሰፍራለህ፣ ሰዓቱን ትሞላለህ፣ ከዚያ ትጫወታለህ። የአውሮፓ ካርታ በሽ በሽ ነው። አድዋን ግን ፈልጌ አጣሁ። በቃ፣ እኔው ልሥራው ብዬ ተነሣሁ።

የከፍታው መረጃ በነጻ ይገኛል። የካቲት 1992 ላይ ኤንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር 11 ቀን ምድርን እየዞረች በራዳር የለካችው ነው። በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር አለ። ጌሙ ደግሞ መሬትን የሚያውቀው ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ቁራጮች ነው። የእኔ ቁራጭ ከጎን እስከ ጎን 250 ሜትር ነው። በአንዷ ቁራጭ ውስጥ ወደ 60 የሚጠጉ ቁጥሮች ይገባሉ፤ ኤዲተሩ የሚቀበለው ግን አንድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አማካዩን ወሰድኩ። ውጤቱን ሳየው ደነገጥኩ። ትልቁ ተራራ ሰማያታ ጉብታ ሆኗል። ራዮና በላህ ልጆች ሮጠው የሚወጧቸው ኮረብታዎች መስለዋል።

አድዋ ተወልደው ያደጉ አንድ ጎረቤት አሉን። ላፕቶፑን ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ዝም ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን አባ ገሪማ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ በዚህ በኩልማ ፍየልም አትወርድ። አንተ ሰው ልታወርድበት ነው?»

«ገደሉ ጠፍቶብኝ ነው ጋሼ።»

«እሱን መልስ እንጂ! ገደሉ ከሌለ አድዋ ምኑን አድዋ ሆነ?»

መለስኩት። ለተራራው አናት ትልቁን ቁጥር ወሰድኩ፣ ለበሩ ትንሹን። በር የምለው በሁለት ተራራ መካከል ያለውን ማለፊያ ነው። የቀረውን በእጄ ሠራሁ። በሁለት ቁራጮች ድንበር ላይ ገደል የሚያሰምር ብሩሽ አለ፤ ጦር ያንን መስመር ማለፍ አይችልም። እያንዳንዱን ጎን ከሳተላይት ፎቶ ጋር እያመሳከርኩ ሳሰምር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዳንዱ ላይ ጥላ ነው ገደል ነው የሚለውን ለመለየት ብቻ ግማሽ ሌሊት አልፏል።

ከዚያ የዛሬውን ማጥፋት ነበረብኝ። አስፋልቱን አነሣሁ። ከተማዋን አሳነስኳት። ባሕር ዛፉንም ነቀልኩ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፣ መጀመሪያም አዲስ አበባ አካባቢ ነው የተስፋፋው። በ1888 አድዋ ላይ ጦር የሚደበቅበት የባሕር ዛፍ ደን ማቆም ውሸት ይሆንብኛል።

በጣም ያስጨነቀኝ ግን ስም ነው።

የካቲት 22 ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የጣሊያኑ አዛዥ የባራቲየሪ ጦር ከሰፈረበት ከሳውሪያ ተነሣ። የጄኔራሎቹ የአልበርቶኔ፣ የአሪሞንዲና የዳቦርሚዳ ሦስት ብርጌዶች ከፊት፣ የኤሌና ብርጌድ ከኋላ በተጠባባቂነት። የአልበርቶኔ ትእዛዝ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ መያዝ ነበር። በእጁ ያለው የንድፍ ካርታ ስሙን የጻፈው ሌላ ኮረብታ ላይ ነው። እዚያ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ግን እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው አሉት። እነሱ ስለ አገራቸው የተናገሩት ትክክል ነበር። አልበርቶኔ ቀጠለ፤ ከሌሎቹ በብዙ ኪሎ ሜትር ተነጥሎ ሲነጋ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ብቻውን ተገናኘ።

ይሄን በኤዲተሩ እንዴት ላሳይ? ካርታው ለሁለቱም ወገን አንድ ነው። ስሙን ትክክለኛው ቦታ ላይ ከጻፍኩት ጣሊያንን የሚጫወተው ሰው አይሳሳትም። የተሳሳተው ቦታ ላይ ከጻፍኩት ደግሞ ውሸቱን እኔ ራሴ መሬቱ ላይ ተከልኩት ማለት ነው። ይሄ ሐሳብ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ እንኳ አልለቀቀኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ስሞቹን በሙሉ ከካርታው ላይ አጠፋሁ። ሶሎዳም፣ ራዮም፣ ሰማያታም የለም። መሬቱ ብቻ ቀረ። ለጣሊያኑ ተጫዋች በወረቀት ላይ በእርሳስ ንድፍ ሠራሁለት፤ ስሕተቱን እንዳለ አስቀመጥኩት፣ ፎቶ አንሥቼም ከትእዛዙ ጋር አያያዝኩት። ለኢትዮጵያው ተጫዋች ግን ስሞቹን በሙሉ በየቦታቸው ዘርዝሬ ሰጠሁት። አገሩ ነው፣ ያውቀዋል።

ትናንት ማታ ወደ ማርያም ሸዊቶ ዞርኩ። ዳቦርሚዳ ወደ ቀኝ ስቶ የገባበትና የሞተበት ሸለቆ ነው። ኤዲተሩ አንድ ቁራጭ ስትነካ ከዚያ የሚታየውን መሬት በሙሉ ያበራልሃል። ሸለቆው ውስጥ ቆሜ ነካሁ። በዙሪያዬ ያሉት ተዳፋቶች በሩ። ወደ ራዮ በኩል፣ አሪሞንዲ ወደ ተዋጋበት አቅጣጫ፣ አንድም ቁራጭ አልበራም። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ከዚያ ፋይሉን አስቀምጬ ተኛሁ፤ ነገ ለጋሼ ላሳያቸው ነው።