በበሩ አስገቢኝ

ስለት አለብኝ። «ልጄን ካቀፍኩ ለሰው ሁሉ እመሰክራለሁ» ብዬ ለኪዳነ ምሕረት ተስያለሁ።

አሜሪካ የገባሁት በጉብኝት ቪዛ ነው። የተሰጠኝ ስድስት ወር ነበር፤ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አገባሁ፣ ወለድኩ። ባሌ ያኔ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት አልነበረውም። እናቴ መታመሟን ስሰማ «ባልሽ ወረቀት አለው፣ ምን ትሆኛለሽ» አሉኝ። የሁለት ዓመት ልጄን ለአባቷ ትቼ ሄድኩ።

እናቴን አፈር አልብሼ ልመለስ ስል ነው ሕጉን የሰማሁት። የተፈቀደለት ጊዜ ካለፈ በኋላ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው 10 ዓመት አይመለስም። ልጄ አሥራ ሁለት ሊሞላት!

በሜክሲኮ እናስገባሽ ያሉኝ ደላሎች ነበሩ። አንድ ሌሊት ልቤ ሸፍቶ ነበር፣ አልዋሽም። ሲነጋ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። ጸበሉ ሥር ቆሜ «እመቤቴ፣ በበሩ አስገቢኝ» አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ባሌ ዜግነት አገኘና አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ አስገባልኝ። ኤምባሲ ቀረብኩ። «ስንት ጊዜ ቆየሽ?» ስባል እውነቱን ተናገርኩ። ተከለከልኩ። ግን ይቅርታ የሚጠየቅበት አይ-601 የሚባል ፎርም አለ። እሱ ደግሞ የእኔን እንባ አይመዝንም። የሚመዝነው ዜጋው ባሌ ያለ እኔ የሚደርስበትን ከባድ መከራ ነው። የልጄ ሥቃይ እንኳ የሚቆጠረው በእሱ በኩል ነው። ባሌ የደም ግፊቱን የሐኪም ወረቀት፣ ሌሊት ታክሲ ሲሠራ ልጅ ለምትይዝለት ጎረቤት የከፈለበትን ደረሰኝ፣ ሁሉን ሰበሰበ። የልጄን ሥዕልም ጨመረበት። አባቷና እሷ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። እኔን የሣለችኝ ስልክ ውስጥ ነው።

ከዚያ አሥራ አራት ወር ዝምታ። ወር በገባ በ16 ጧፍ አበራለሁ። አንዳንዴ ተጣልቻት ተመልሻለሁ።

አንድ ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ባሌ ደወለ። «ጸደቀ» አለና ማልቀስ ጀመረ። ወለሉን ሳምኩት።

ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ልጄ አባቷ እግር ኋላ ተደበቀች። ስድስት ዓመቷ ነው። ቀስ ብላ መጣችና ጉንጬን በአንድ ጣቷ ነካችው፤ ልክ ስልክ እንደምትነካው።

«ማሚ፣ ትሞቂያለሽ» አለች።

የተሳልኩትን ጥላ ለየካቲት 16 አሰፍቼ ልኬያለሁ። የቀረኝ መናገሩ ነበር። ይኸው ተናገርኩ።