«የሆነ ችግር ተፈጥሯል» ማለት ለማን ጠቀመ?

እዚህ ሀዋሳ ላለ አንድ ፔንሲዮን ክፍል የሚያስይዝ ሳይት አስቡ። የፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ነው፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል። እንግዳው «ክፈል» የሚለውን ሲነካ በቀይ «የሆነ ችግር ተፈጥሯል» ይለዋል። እሺ፣ ምን ያድርግ? ክፍሉ ተይዞ ከሆነ ሌላ ይመርጣል። ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ጎድሎት ከሆነ ያስተካክላል። የክፍያው ሲስተም መልስ ሳይሰጥ ቀርቶ ከሆነ ግን ደግመህ ሞክር ማለት ጣጣ አለው፣ ብሩ ሁለቴ ሊቆረጥበት ይችላል። ኮዱ ግን ሦስቱንም በአንድ ተራ ኤረር ጠቅልሎ ይወረውራል።

አንዳንዱ ደግሞ ካች (የተወረወረው ኤረር የሚያዝበት የኮዱ ክፍል) ውስጥ ገብቶ «ሜሴጁ ውስጥ 'ተይዟል' የሚል አለ ወይ?» እያለ ይፈትሻል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ነገ አንዱ ጽሑፉን ወደ ሲዳሙ አፎ ሲቀይረው ፍተሻው ድምፁን አጥፍቶ ይበላሻል።

ጃቫስክሪፕት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክላስ (የራሳችሁን የነገር ዓይነት የምትገልጹበት መንገድ) አለው፣ ስለዚህ የራስን ኤረር መሥራት ቀላል ነው። ከኤረር የሚወርስ «ክፍል ተይዟል» የሚል ክላስ ትጽፋላችሁ፣ ሱፐርን (የወላጁን ክላስ ማስጀመሪያ) ትጠራላችሁ፣ ኔም (ስም) ትሰጡታላችሁ፣ የክፍሉን ቁጥርና ቀኑን እዚያው ታስቀምጣላችሁ፣ አለቀ። ካች ላይ ኤረሩ የየትኛው ክላስ እንደሆነ በሚፈትሸው በኢንስታንስኦፍ ትለያላችሁ፣ ለእያንዳንዱም ሰርቨሩ የራሱን የኤችቲቲፒ ቁጥር ይመልሳል፦ ለተያዘው ክፍል 409፣ ለስልክ ቁጥሩ 422፣ ለዘገየው ክፍያ 504። ከእነዚህ ውጭ የሆነውን ሎግ አድርጋችሁ (መዝግባችሁ) 500 መልሱ። እሱ ምናልባት የእናንተው ባግ ነው፣ እንዳትውጡት።

ዋናውን ምክንያትም አትጣሉ። ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲሻማና ዳታቤዙ ላይ ዩኒክ (አንድ ነገር ሁለቴ እንዳይመዘገብ የሚከለክል ደንብ) ካለ፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ 23505 የሚል ኮድ ይመልሳል። ያንን ኤረር በ2022 እ.ኤ.አ. በመጣው ኮዝ (የኤረሩ ምክንያት ማስቀመጫ) በሚባለው ውስጥ ከታችሁ የራሳችሁን ወርውሩ። እንግዳው ስለ ዩኒክ ምን አገባው፣ እናንተ ግን ሎጉ ላይ ትፈልጉታላችሁ።

አንድ ብዙ ሰው የሚያደናቅፍ ነገር አለ። ክላሱ ከሰርቨር ወደ ብራውዘር አይሻገርም። ኤረሩን እንዳለ ጄሰን (ዳታ የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) ብታደርጉት ሜሴጁ እንኳ አብሮ አይሄድም፣ ስለዚህ የሚላከውን ኮድና ጽሑፍ ራሳችሁ አዘጋጁ። ብራውዘር ላይ ደግሞ ሰርቨሩን የሚጠይቀው ፌች 409 ስለመጣለት ብቻ ኤረር አይወረውርም። መልሱ ላይ መሳካቱን የሚነግራችሁን ኦኬ የሚለውን አይታችሁ፣ ኮዱን አንብባችሁ፣ ትክክለኛውን ክላስ እዚያ እንደገና መወርወር የእናንተ ሥራ ነው።